የሕመም ፈቃድ ከነደመወዙ፦ ከሐኪም ቤት እስከ ፔሮል ለደሴና ለኮምቦልቻ ሠራተኞች

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በሺፍት የሚሠራም ሆነ ደሴ ፒያሳ ሆቴል የሚያስተናግድ ሰው ሲታመም ሕጉ ፈቃድም ደመወዝም ይሰጠዋል። ሠራተኛው ግን ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚያጣው ማህተም በሌለው ወረቀት፣ በተዘበራረቀ ቀን ወይም ለአለቃው ሳይናገር በመቅረቱ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያተኩረው በወረቀትና በቀን ላይ ነው።

መጀመሪያ፦ ይህ ሕግ እርስዎን ይመለከታል ወይ?

መሠረቱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሲሆን የሕመም ፈቃድ በአንቀጽ 85፣ ክፍያው ደግሞ በአንቀጽ 86 ተደንግጓል። በግል ፋብሪካ፣ በሆቴል፣ በግል ትምህርት ቤት፣ በክሊኒክ፣ በሱቅ፣ በትራንስፖርት ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው በዚህ ሕግ ይተዳደራል። ውሉ ለተወሰነ ጊዜ መሆኑ መብቱን አያስቀርም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በራሳቸው የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው፤ ቀኑም ክፍያውም ይለያል። ድርጅቱን የሚመሩ የሥራ መሪዎችና የቤት ሠራተኞችም ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው።

አንድ ሌላ ቅድመ ሁኔታ አለ፦ የሙከራ ጊዜ። የሕመም ፈቃድ መብት የሚጀምረው የሙከራ ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው። ሙከራው ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ አይችልም፤ በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ ሰው 10 ሳምንት ማለት ነው። በሙከራ ላይ እያሉ ከታመሙ የሚያገኙት ፈቃድ በአሠሪው በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ያኔም ቢሆን የሕክምና ወረቀቱን በጽሑፍ ያስገቡ፤ «ጠፋ» ከመባል ያድናል።

ጥበቃና ጽዳት ላይ በኤጀንሲ በኩል የተመደቡ ከሆነ ቀጣሪዎ ውሉን የፈረመው ኤጀንሲ ነው። መታመምዎን ለሁለቱም ያሳውቁ፣ ወረቀቱን ግን ለኤጀንሲው ያስገቡ። የሥራ ቦታው ኃላፊ «እሺ፣ አርፊ» ስላላት ብቻ ቤቷ የተቀመጠች የጽዳት ሠራተኛ፣ የኤጀንሲው ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ መዝገብ) ላይ ቀሪ ሆና ልትገኝ ትችላለች።

ሕጉ የሚሰጠው ስንት ነው?

ፈቃዱ በጠቅላላው እስከ 6 ወር ነው። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ ይከፈልበታል፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት የደመወዙ 50 በመቶ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። 6 ወሩ በአንድ ጊዜ ሊወሰድ ወይም ሊቆራረጥ ይችላል፤ የሚቆጠረውም መጀመሪያ ከታመሙበት ቀን አንሥቶ ባሉት 12 ወራት ውስጥ ነው።

ይህ ዝቅተኛው ልክ ነው። ሠራተኛ ማኅበር ያለበት ድርጅት ከሆነ የኅብረት ስምምነቱን ያንብቡ፤ ሙሉ ክፍያው ከ1 ወር በላይ የተራዘመበት ሊሆን ይችላል። ከሕጉ በታች የሚያወርድ የውስጥ ደንብ ግን ዋጋ የለውም።

በታመሙበት ቀን

ከሥራ የቀረ ሠራተኛ መታመሙን በማግስቱ ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት። ከዚህ ነጻ የሚሆነው አሠሪው ሕመሙን የሚያውቅበት ሁኔታ ካለ ወይም ማሳወቅ ጨርሶ ካልተቻለ ብቻ ነው። ሥራ ላይ ወድቀው በድርጅቱ መኪና ሐኪም ቤት ከተወሰዱ አሠሪው ያውቃል፤ ራስዎን ስተው ከተኙም ማንም አይጠይቅዎትም። ከዚያ በቀር ማግስቱን አያሳልፉ። እንዲያውም ሺፍት ከመግባትዎ በፊት ቢናገሩ ይሻላል፤ ሱፐርቫይዘሩ ተተኪ ለመፈለግ ጊዜ ያገኛል፣ እርስዎም ስትመለሱ ኩርፊያ አይጠብቅዎትም።

ስልክ መደወል መልካም ነው፣ ግን ድምፅ ማስረጃ አይሆንም። ከደወሉ በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይላኩ፦

«አቶ … (የቅርብ አለቃ ስም)፣ እኔ … (ሙሉ ስም)፣ መታወቂያ ቁጥር …፣ የሌሊት ሺፍት ስፌት ክፍል። ዛሬ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም ታምሜ ሥራ መግባት አልቻልኩም። ጤና ጣቢያ እየሄድኩ ነው፤ የሐኪም ወረቀቱን አቀርባለሁ።»

መልእክቱን አያጥፉ። ስልክ ከሌለዎት የሚልኩት ሰው ለማን፣ በስንት ሰዓት እንደተናገረ ይጻፉ። ባልደረባ ሲልኩ «ንገርልኝ» ብቻ አይበሉት፤ ብጣሽ ወረቀት ይዞ ሄዶ ለሰው ሀብት ክፍል ይስጥ።

ሕመሙ የጀመረዎት ሥራ ላይ ሳሉ ከሆነ የመውጫ ወረቀት ሳያስፈርሙ ከበር አይውጡ። ያለ መውጫ ወረቀት የወጣ ሰው በጥበቃው መዝገብ ላይ ሥራ ጥሎ የሄደ ሆኖ ይመዘገባል፤ በሦስተኛው ቀን የሚያመጣው የሐኪም ወረቀት ያንን መዝገብ አይፍቅለትም።

ሐኪም ቤት፦ ወረቀቱ እዚያው ይስተካከል

የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው በመንግሥት ዕውቅና ካለው የሕክምና ተቋም የተሰጠ ማስረጃ ሲቀርብ ነው። የመንግሥት መሆን የለበትም፤ ፈቃድ ያለው የግል ክሊኒክ ወረቀትም ይሠራል። የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ፣ የላብራቶሪ ውጤትና የመድኃኒት ማዘዣ ግን መታከምዎን እንጂ ማረፍ እንዳለብዎ አያሳዩም። «ታክሟል» የሚል ብቻ ያለበት ወረቀትም እንዲሁ ነው፤ ፔሮል የሚፈልገው የዕረፍት ቀን ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻ መናገር ያስፈልጋል። እጁ የወለቀ ሰው ቀጥታ ወጌሻ ጋ ይሄድና በ15 ቀኑ በፋሻ ታስሮ ፋብሪካ በር ላይ ይመጣል። እጁ እንደታሰረ ሁሉም ያያል፤ የሰው ሀብት ክፍል ግን የሚያስገባው ወረቀት የለውም። ጠበል ለሚገቡም፣ ዱዓ ለሚያስደርጉም ያው ነው። የፈለጉበት መሄድ መብትዎ ነው፣ ግን መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታዩና የዕረፍት ቀኑን ያስጽፉ። ወደ ኋላ ተመልሶ «ከ15 ቀን ጀምሮ ታሞ ነበር» ብሎ የሚጽፍ ሐኪም አይገኝም፤ ቢገኝም ወረቀቱ ከጥርጣሬ አያመልጥም።

ከክፍሉ ሳይወጡ ወረቀቱን ያንብቡ። እነዚህ ሊኖሩበት ይገባል፦

- ሙሉ ስም እስከ አያት፣ በሥራ መታወቂያዎ ላይ እንዳለው (ሰዒድ እና ሰይድ፣ ፋጡማ እና ፋጢማ ብሎ የሚለያይ ወረቀት ለፔሮል ሌላ ሰው ነው)
- የካርድ ቁጥር
- የተመረመሩበት ቀን
- የዕረፍት ቀን ብዛት፣ በተለይም ከስንት እስከ ስንት
- የሐኪሙ ስም፣ ፊርማና የተቋሙ ማህተም

ትልቁ ችግር ቀኑ ላይ ነው። ብዙ ሐኪሞች በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋሉ። ወረቀቱ ላይ «10/11/2025» ቢል ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም ማለት ነው፤ ቸኩሎ የሚያነብ የሰው ሀብት ሠራተኛ ግን 11ኛውን ወር ሐምሌ አድርጎ ሐምሌ 10 ብሎ ይመዘግበዋል። ሐኪሙን «በእኛ አቆጣጠር በወር ስም ይጻፉልኝ» ይበሉት፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ካልሆነ እንኳ «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን ያስጨምሩ። ራስዎ በእስክሪብቶ አንድም ፊደል አይንኩ፤ የተስተካከለ ቁጥር ያለበት ወረቀት እውነተኛም ቢሆን ፎርጅድ ይመስላል።

ከኮምቦልቻ ጤና ጣቢያ ወደ ደሴ ሪፈር ከተባሉ፣ የሐረጎን ዳገት ከመውጣትዎ በፊት የሪፈር ወረቀቱን ፎቶ ያንሡ ወይም ኮፒ ያድርጉ፤ ዋናውን ደሴ ያለው ሆስፒታል ካርድ ክፍል ያስቀረዋል። ጤና ጣቢያ በታዩበትና ደሴ ወረቀት ባገኙበት ቀን መካከል ያሉትን ቀናት የሚሸፍነው ያ ሪፈር ነው። ቀጠሮው በሦስተኛው ቀን ከሆነ ጤና ጣቢያው ለነዚያ ቀናት የዕረፍት ወረቀት እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። ተኝተው ከታከሙ ደግሞ ሲወጡ የሚሰጠውን የመውጫ ወረቀት ከዕረፍት ወረቀቱ ጋር ያያይዙ።

ማስገባት

ዋናው ለድርጅቱ፣ ኮፒው ለእርስዎ። ወረቀቱን ለሱፐርቫይዘር በእጅ ሰጥቶ መሄድ የተለመደ ነው፤ ብዙ ወረቀት የሚጠፋውም በሱፐርቫይዘር ኪስ ነው። መዝገብ ቤት ወይም ሰው ሀብት ክፍል ያስገቡና የራስዎ ኮፒ ላይ «ተቀብያለሁ»፣ ቀን፣ ስምና ፊርማ ያስደርጉ። ትንሽ ድርጅት ሆኖ መዝገብ ቤት ከሌለው የወረቀቱን ፎቶ ለአለቃዎ በቴሌግራም ይላኩ፤ የተላከበት ቀንና ሰዓት ይቀመጥልዎታል።

የዕረፍት ቀኑ አልቆ ካልተሻለዎት፣ የመጀመሪያው ወረቀት ከማለቁ በፊት ተመልሰው ይታዩ። «እስከ ጥር 10» ካለ እና ቀጣዩ ወረቀት «ከጥር 13» ከጀመረ፣ 11 እና 12 ቀሪ ይሆናሉ። በመሀል የምትቀረው እንዲህ ያለች ክፍተት ከማናቸውም ስሕተት በላይ ደመወዝ ታስቆርጣለች።

አሠሪው በበቂ ምክንያት በሌላ ሐኪም እንዲታዩ ቢጠይቅ እምቢ ማለት አይቻልም። የኤች አይ ቪ ምርመራ ግን ማንም ሊያስገድድዎ አይችልም።

ስሌቱ

መጀመሪያ ደመወዝ ማለት ምን እንደሆነ እንለይ። በአዋጁ ደመወዝ የሚባለው ለመደበኛ ሥራ የሚከፈለው ነው፤ የትርፍ ሰዓት፣ የትራንስፖርት አበል፣ የውሎ አበል፣ ቦነስና ኮሚሽን አይገቡበትም። ወር ሙሉ ኦቨርታይም የሚሠራ ሰው ታሞ ሲከፈለው «ጎደለብኝ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ አልጎደለበትም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መነሻ ደመወዟ 7,800 ብር የሆነ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ በ2018 ዓ.ም እንዲህ ታመመች እንበል፦

ከጥቅምት 5 ጀምሮ 10 ቀን። ከታኅሣሥ 1 ጀምሮ 12 ቀን። ከመጋቢት 1 ጀምሮ 28 ቀን። ድምር 50 ቀን።

የመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ሙሉ ክፍያ አላቸው፦ የጥቅምት 10፣ የታኅሣሥ 12፣ ከመጋቢት ደግሞ 8። የቀሩት የመጋቢት 20 ቀናት በግማሽ ይከፈላሉ። 7,800 ለ30 ሲካፈል በቀን 260 ብር ነው፤ 20 ቀን ሲባዛ 5,200፣ ግማሹ 2,600። ስለዚህ ከመጋቢት ደመወዟ የሚቀነሰው 2,600 ብር ሲሆን፣ ግብርና ጡረታ ሳይነሣ 5,200 ብር ታገኛለች ማለት ነው። ጥቅምትና ታኅሣሥ ላይ ምንም አይቀነስም።

እዚህ ላይ ፔሮል የሚሳሳትባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው የቀን ሂሳብ ነው። የዕረፍት ቀኑን እሑድን ጨምሮ ከቆጠሩ የሚካፈለው ለ30 ነው፤ የሥራ ቀን ብቻ ከቆጠሩ ለ26። ማደባለቅ አይቻልም። በምሳሌያችን 7,800 ለ26 ሲካፈል 300 ብር ይሆናል፤ እሑድን ጨምሮ 20 ቀን ቆጥሮ በ300 ያሰላ ፔሮል 3,000 ብር ይቆርጣል። 400 ብር ያለአግባብ ሄደ። የደመወዝ ወረቀትዎ ላይ የተቆረጠውን በግማሽ ለተከፈሉት ቀናት ያካፍሉና በሁለት ያባዙ፤ ፔሮል ለ30 ይሁን ለ26 እንዳካፈለ ያያሉ።

ሁለተኛው የ12 ወሩ መነሻ ነው። የዚህች ሠራተኛ ዘመን የሚቆጠረው ከጥቅምት 5 ቀን 2018 እስከ ጥቅምት 4 ቀን 2019 ዓ.ም ነው። ሰኔ ላይ በጀት ዓመቱ ስለተዘጋ ወይም መስከረም ስለጠባ ቆጠራው ከዜሮ አይጀምርም፤ ለሠራተኛዋም ለአሠሪውም። በሌላ በኩል አዲሱ ዘመን ከተከፈተ በኋላ የድሮውን 50 ቀን ይዞ «ሙሉ ክፍያሽ አልቋል» ማለት ስሕተት ነው። የሕመሙ ዓይነት መለያየቱም ለውጥ የለውም፤ ጥቅምት ላይ ታይፎይድ፣ መጋቢት ላይ ወገብ ቢሆንም ቀኑ ይደመራል።

ሥራ ላይ ከተጎዱ ይህን መንገድ አይከተሉ

ጣት በማሽን መቆረጥ፣ በኬሚካል መቃጠል፣ በሥራው ጠባይ የመጣ በሽታ የሕመም ፈቃድ ጉዳይ አይደሉም። የሥራ ላይ ጉዳት ናቸው፤ ክፍያቸውም እጅግ የተሻለ ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ። የሕክምናውን ወጪም አሠሪው ይሸፍናል። አሠሪው ባቀረበው ሰርቪስ ወደ ሥራ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ የሚደርስ አደጋም በዚሁ ይታያል፤ ከደሴ ወርደው ኮምቦልቻ ለሚሠሩ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሐኪሙ «ምን ሆነህ ነው?» ሲል ሥራ ላይ መሆኑን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ይንገሩና ካርዱ ላይ ይጻፍ። «ቤት ወድቄ ነው በል፣ እኛ እናሳክምሃለን» የሚል ምክር ከመጣ አይቀበሉ። ካርዱ ላይ አንዴ «ቤት ውስጥ» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው፤ ጉዳቱ ቋሚ ሆኖ ቢገኝ የካሳው ጥያቄም አብሮ ይወድቃል። አደጋውን ያዩ የሁለት ባልደረቦች ስም ያን ዕለት ይያዙ።

ሌሎች መሰናክሎች

ዓመት ፈቃድ ላይ ማወራረድ፦ «ፈቃድ አለህ አይደል፣ ከዚያ ይያዝልህ» ይባላል። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ለማረፊያ የተሰጠ እንጂ ለሕመም አይደለም። የዓመት ፈቃድ ቅጽ ላይ ከፈረሙ ግን በኋላ መከራከር ይቸግራል። በዓመት ፈቃድ ላይ ሳሉ ቢታመሙ እንኳ የሕመም ፈቃድ ድንጋጌው ይሠራል፤ ማስረጃውን ያቅርቡ።

በዝምታ መቅረት፦ በ6 ወር ውስጥ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በድምሩ 5 ቀን ያለ ፈቃድ የቀረ ሠራተኛ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጠው ወዲያውኑ ሊሰናበት ይችላል። እውነት ታምመው ወረቀት ያላመጡባቸው ቀናት እዚህ ውስጥ ይቆጠራሉ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲደርስዎ ሐኪም ወረቀት ካለዎት በዚያው ሳምንት በጽሑፍ መልስ ይስጡበት።

የተገዛ ወረቀት፦ አሠሪዎች አሁን አሁን የካርድ ቁጥሩን ይዘው ሐኪም ቤቱን ይጠይቃሉ። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ከሥራ ያስወጣል፣ ወንጀልም ነው። ለሁለት ቀን ዕረፍት የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

ልጅ ሲታመም፦ ይህ የእርስዎ የሕመም ፈቃድ አይደለም። ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ አለ። ክፍያ ያለው ከፈለጉ የዓመት ፈቃድዎን የሚጠቀሙበት ቦታ እዚህ ነው።

እርግዝና፦ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለእርግዝና ምርመራ ስትሄድና ሐኪም ዕረፍት ሲያዝላት ክፍያ ያለው ፈቃድ አላት፤ የወሊድ ፈቃዱ ደግሞ ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀን ነው። ሁለቱም ከሕመም ፈቃዷ ላይ አይቀነሱም። ቅጹ ላይ «ሕመም» የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት እንዳታደርግ።

ከተከለከሉ ወይም ከተቆረጠብዎ

በቃል መጨቃጨቁን ይተዉ። አንድ ገጽ ማመልከቻ ይጻፉ፦ ከመቼ እስከ መቼ እንደታመሙ፣ ወረቀቱን መቼ እንዳስገቡ፣ ስንት ብር እንደተቆረጠ፣ በአንቀጽ 86 መሠረት ስንት መከፈል እንደነበረበት። ለሰው ሀብት ክፍል ያስገቡ፣ ኮፒው ላይ ያስፈርሙ። አብዛኛው ጉዳይ እዚህ ያልቃል፤ ፔሮል ስሕተቱን በቁጥር ሲያይ በሚቀጥለው ወር ያስተካክላል።

ካልሆነ ሠራተኛ ማኅበሩ፣ ከዚያም በከተማው አስተዳደር የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን የያዘው መሥሪያ ቤት አለ። ተቆጣጣሪው ሁለቱን ወገን ጠርቶ ማነጋገር ይችላል። እዚያም ካልተፈታ ወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይሄዳሉ፤ ድርጅቱ ኮምቦልቻ ከሆነ ኮምቦልቻ፣ ደሴ ከሆነ ደሴ። ሕጉ ለፍርድ ቤቱ ውሳኔ የሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ቀጠሮ ሲበዛ ሊረዝም እንደሚችል ግን አስቀድመው ይወቁ።

ይርጋውን (መብት የሚጠየቅበትን የጊዜ ገደብ) ግን አይርሱ። ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠየቀው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው። በሕመሙ ሰበብ ከሥራ ከተባረሩና መመለስ ከፈለጉ ጊዜው 3 ወር ብቻ ነው። «ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ይታያል» እየተባለ ሦስቱ ወር ያልፋል።

አቤቱታ ሲይዙ የሚሄዱት ከነዚህ ጋር ነው፦ የሥራ ውል ወይም የቅጥር ደብዳቤ፣ መታወቂያ፣ የተፈረመበት የሐኪም ወረቀት ኮፒ፣ የሪፈር ወረቀት ካለ እሱ፣ የላኩት የስልክ መልእክት፣ የተቆረጠበት ወርና ከዚያ በፊት ያለው ወር የደመወዝ ወረቀት፣ እና የማመልከቻው ኮፒ። የደመወዝ ወረቀት የማይሰጥ ድርጅት ከሆነ ደመወዙ የገባበትን የባንክ ስቴትመንት ከቅርንጫፉ ያሳትሙ።